የአባቴን ካርማን ጊያ ላሳድሳት ወይስ እቃዋን አውጥቼ ልሽጥ?

የጉለሌው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን ካረፈ ዓመት ሞላው፣ ግቢያችን ውስጥ ደግሞ በፈረንጅ 1963 የተሰራች ካርማን ጊያ የምትባል የቮልስዋገን መኪና አለች፣ የሰፈር ሰው ስፖርቷ ቮልስ ነው የሚላት። ከ1998 ጀምሮ አልተነሳችም፣ ሸራ ለብሳ ነው የቆመችው ግን ሸራው ከተቀደደ ቆይቷል ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይገባታል። ሞተሩ በእጅ ሲያዞሩት ይዞራል፣ በሹፌሩ በኩል ወለሉ በስቶ መሬቱ ይታያል፣ መስታወቶቿ ግን አንድም አልተሰነጠቁም ኒኬሎቿም አሉ። አሁን አንድ ሰው መጥቶ ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ መስታወቱንና መብራቶቹን በ200 ሺህ ብር ልውሰድ ቀሪውን ለቆራሌው ስጡት አለን። እናቴ ግቢው ይለቀቅልኝ ትላለች። እኔ ደግሞ መኪናዋን ባየሁ ቁጥር አባቴ እሁድ ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ኒኬሏን ሲወለውል ነው የሚታየኝ። ደመወዝተኛ ነኝ ብዙ ብር የለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባትላሜራው፦
ልጄ ነፍስ ይማር። ሞተሩን ለጊዜው እርሳው። እሱ 1200 የቮልስ ሞተር ነው፣ ካምቢዮውም የቮልስ ነው፣ ሶማሌ ተራ ዞር ዞር ብትል ታገኛለህ። የዚች መኪና ጣጣዋ ቦዲዋ ነው። ቮልስ ፓራፋንጎዋ፣ የጎማው መሸፈኛ ላሜራ ማለቴ ነው፣ በቡሎን ነው የሚታሰረው፣ ቢመታ ፈትተህ ሌላ ትገጥማለህ። ይቺ ግን ሁሉም ነገር ተበይዶ አንድ ላይ የተያያዘ ነው፣ ጀርመን አገር ኦስናብሩክ ከተማ የካርማን ፋብሪካ ሰራተኞቹ በእጃቸው እየሞረዱ ነው መገጣጠሚያውን ያለሰለሱት፣ ስለዚህ አፍንጫዋ ከተመታ ቆርጦ መበየድ እንጂ ሌላ መላ የለውም፣ ብዙ ሰው ግን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ይቀባዋል። አንድ ነገር ላሳይህ። ከድሮ ስፒከር ማግኔት አውጣና በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ከፊት መብራቱ ስር እስከ አፍንጫዋ ቀስ እያልክ አስኪደው። የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ከዛ በሩ ስር ያለውን ረጅሙን ላሜራ በካቻቢቴ ጫን ጫን አድርገው፣ ሰርጎ ከገባ በስብሷል ማለት ነው። የወለሉ ቀዳዳ አያስደንግጥህ ጠፍጣፋ ላሜራ ነው ይቀየራል። ባትሪዋ እንደ ቮልስ የኋላ ወንበር ስር ሳይሆን ሞተሩ ጋ ነው የሚቀመጠው፣ አሲዱ ከስሩ ያለውን ቆርቆሮ ይበላዋልና እሱንም እይ።

ሳሮን ከቨርጂኒያ፦
እዚህ አሜሪካ ብትሆን ኖሮ ምናልባት ሽጣት እልህ ነበር፣ በዓለም ላይ በፈረንጅ ከ1955 እስከ 1974 ከ400 ሺህ በላይ ተሰርተዋል፣ እዚህ አፍንጫውም ወለሉም አዲስ ተሰርቶ ይሸጣል። አዲስ አበባ ግን ሌላ ነገር ነው። ከ2024 ወዲህ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፣ አሮጌ መኪና ደግሞ ከዛ በፊትም ኤክሳይዝ ታክሱ የማይቀመስ ነበር። እሷን ከበተንካት ሌላ አታመጣም። ደግሞ ሰውየው የጠየቀህን ተመልከት፣ መስታወትና መብራት። ሞተር የትም አለ፣ የካርማን ጊያ መስታወት ግን ከየትኛውም ቮልስ ላይ አትፈታውም። ከዚህ ተልኮ እስኪደርስ ደግሞ ቢሰበርስ? 200 ሺህ ብሩን ለምን እንደሚሰጥህ እዛ ጋ ነው ያለው።

አቤል ቮልስ፦
እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልበል። የራሴን ቮልስ የገዛሁት አንድ ወንድማችን ላድሳት ብሎ ፈታትቶ ብር ሲያልቅበት ነው፣ እቃዋ በ3 ካርቶን ተሞልቶ ነበር፣ ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ የሌላ መኪና ሆኖ እስክገጣጥማት 4 ዓመት ፈጀብኝ። ስለዚህ ወንድሜ ብር ሳይኖርህ አንዲት ቡሎን እንዳትፈታ። የተፈታች መኪና ነው የምትሞተው፣ የቆመች አትሞትም። መጀመሪያ ከላይዋ ቆርቆሮ ጣሪያ አሰራላት፣ ጎማዋን ከመሬት አንሳና በድንጋይ አቁማት። ወረቀቱን ደግሞ አትርሳ፣ ሊብሬው በአባትህ ስም ከሆነ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት አለባችሁ፣ የሞተር ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ስላለ ሞተሩን ሸጠህ በኋላ ሌላ ስትገጥም ማስረጃ ትጠየቃለህ። ግን ልዋሽህ አልፈልግም፣ በሁለቱም በሮች ስር ያለው በስብሶ አፍንጫዋም ስቱኮ ብቻ ከሆነ ባንተ ደመወዝ አትወጣውም። ያኔም ቢሆን ለአንድ ሌላ ካርማን ጊያ ለሚያድስ ሰው ሙሉዋን ስጥ እንጂ ለቆራሌው አትስጥ።

የጉለሌው ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ማግኔቱን ይዤ ገባሁ። ግራ መብራቷ ስር መዳፍ የሚያክል ቦታ ላይ አልያዘም፣ ሌላው አፍንጫዋ በሙሉ ጥርቅም አርጎ ያዘ። ቀኝ በሯ ስር ካቻቢቴው ሲመታው ጠንካራ ነው፣ በግራ በኩል ግን እንደ እንጀራ ገባ። ከባትሪው ስር ያለው ተበልቷል። ክሩስኮቷ ውስጥ ሊብሬው በላስቲክ ተጠቅልሎ አገኘሁት፣ በአባቴ ስም ነው፣ ከስሩ ያ የሚወለውልበት ጨርቅ ደርቆ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ለእናቴ ሳሳያት ጨርቁን ተቀብላኝ ብዙ ዝም አለችና ታዲያ ጣሪያው በየት በኩል ይሁን አለችኝ። ለሰውየው ደውዬ አልሸጥም ብዬዋለሁ። ቅዳሜ ቆርቆሮው ይመታል። ባትላሜራው አባባ፣ የግራውን ላሜራ ከክረምት በፊት ማሰራት ይሻላል ወይስ ጣሪያ ካገኘች ይቆያል? የት ሰፈር ነው የሚሰሩት?