የዕጩው መልክና የውጭ ተመልካች፦ የሚታለለው ማን ነው?

አወያዩ፣ ከአዲስ አበባ፦ በሌላ አገር የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲቃረብ እኛ ከሩቅ የምናየው ሰውየውን ነው። አንዱ ዘፋኝ ነበር፣ አንዱ ጄኔራል፣ አንዱ ተከሳሽ። ድምፅ ሳይሰጥ ምርጫውን በዕጩዎቹ መልክ አድንቀን ወይም ኮንነን እንጨርሳለን። ይህ ጉዳት የለውም? እኔ አለው ባይ ነኝ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጻፍ፤ አለዚያ እንምታታለን።

ከናይሮቢ፦ በ2013 ኢስሊ ውስጥ ሱቅ ነበረኝ። ለፕሬዚዳንትነትና ለምክትልነት የቀረቡት ኡሁሩ ኬንያታና ዊልያም ሩቶ፣ የ2007ቱን ምርጫ ተከትሎ ከ1,100 በላይ ሰው ባለቀበት ግጭት ምክንያት ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ተከሰው ነበር። ለውጭ ጋዜጠኛ የዚያ ዓመት ምርጫ ማለት ክሱ ነበር፤ ስለ መሬት፣ ስለ ኑሮ ውድነት የሚጠይቀን አልነበረም። ድምፅ ሊሰጥ አንድ ወር ያህል ሲቀረው የአሜሪካው የአፍሪካ ጉዳዮች ኃላፊ ጆኒ ካርሰን «ምርጫ መዘዝ አለው» የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ኡሁሩን የማይወዱ ደንበኞቼ ሳይቀሩ ተቆጡ። ኡሁሩ በ50.07 በመቶ አለፉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ እህቴ፣ ውጤቱን ለካርሰን አታሸክሚው። ያሸነፈው የኡሁሩንና የሩቶን ብሔሮች፣ ኪኩዩና ካለንጂን፣ በአንድ ወገን ያሰለፈ ጥምረት ነበር። በ2007 ኡሁሩ ከፕሬዚዳንት ኪባኪ፣ ሩቶ ከተፎካካሪያቸው ከራይላ ኦዲንጋ ጋር ነበሩ፤ ክሱ ነው ያጋባቸው ብትይ ግን እስማማለሁ።

ደግሞም የውጭ ሰው ሲወድም ጣጣ አለው። ጁላይ 2008 ያኔ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዕጩ የነበሩት ኦባማ በርሊን ላይ ሲናገሩ 200,000 ያህል ሰው ወጣ። ሳምንት ሳይሞላ የተፎካካሪያቸው የማኬይን ቡድን ያንን ሕዝብ ከብሪትኒ ስፒርስና ከፓሪስ ሂልተን ምስል ጋር አሰልፎ፣ ሰውየው ዝነኛ ነው፣ ለመምራት ግን ዝግጁ ነው ወይ የሚል ማስታወቂያ አወጣ። ከዚያ በፊት በ2004 የእንግሊዙ ጋዜጣ ዘ ጋርዲያን አንባቢዎቹን፣ አሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ክላርክ ካውንቲ (ወረዳ) ላሉ መራጮች ስለ ምርጫው ደብዳቤ ጻፉ ብሎ አነሳሥቶ ነበር። ብዙ ስድብ ተመለሰለት፤ በ2000 ለዴሞክራቱ ጎር ያደላው ካውንቲም ወደ ሪፐብሊካኑ ቡሽ ዞረ።

አወያዩ፦ ኦባማ ግን አሸነፉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ በበርሊን ጭብጨባ አይደለም። ሴፕቴምበር ላይ ትልቁ ባንክ ሌማን ብራዘርስ ከወደቀ በኋላ መራጩ የሚያስበው ስለ ቤቱና ስለ ሥራው ነበር።

ጡረተኛው መምህር፣ ከባሕር ዳር፦ ልጆቼ፣ ስለ መራጩ ብቻ ትሟገታላችሁ፤ የተጠየቀው ስለ ተመልካቹ ነው። ኦባማ ሲመረጡ ኬንያ ኖቬምበር 6ን የሥራ መዝጊያ በዓል አደረገችው። እኔም ፎቶግራፋቸው ያለበት የቀን መቁጠሪያ ሳሎን ሰቅዬ ነበር። ስለ አፍሪካ ምን እንዳቀዱ ግን አንዲት ገጽ አላነበብኩም፤ ፊታቸውን ማወቄ በቂ መስሎኝ ነበር። ላይቤሪያንም እዩ። በ2005 ዓለም የሚያውቀው የ1995ቱን የእግር ኳስ ኮከብ ጆርጅ ዊሃን ነው። በመጀመሪያው ዙር 28 በመቶ ይዞ መራ፤ በሁለተኛው ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ በ59 በመቶ ረቱት።

ከናይሮቢ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ምሳሌዎ ራስዎን ይሞግታል። ሰርሊፍ ዓለም ባንክ የሠሩ፣ ሃርቫርድ የተማሩ ሰው ናቸው። ዊሃን የሚያውቀው የእግር ኳስ ወዳጁ ነው፤ ዲፕሎማቱ የሚያውቀው እሳቸውን ነበር። ታዲያ «የውጭ ተመልካች» የምንለው የትኛው ነው?

ጡረተኛው መምህር፦ ተረታሁ፤ ስለ ዲፕሎማቱ አላሰብኩም። ያም ሆኖ በ2017 ዊሃ ሲመረጥ ደግሞ ያው የኳስ ወሬ ነበር የተጻፈው፤ በመካከል ሴናተር ሆኖ መቆየቱን ስንቱ አነሣ?

አወያዩ፦ ወደ ኬንያ እንመለስ። ያ መዘዝ የተባለው መጣ?

ከናይሮቢ፦ የት አባቱ! ዲሴምበር 2014 የሄጉ ፍርድ ቤት አቃቤ ሕግ የኡሁሩን ክስ አነሡ፤ ማስረጃ አልበቃም፣ መንግሥትም አልተባበረንም ብለው። ጁላይ 2015 ኦባማ ራሳቸው ናይሮቢ መጥተው ከኡሁሩ ጎን ቆሙ፤ ከዚያም ወደ እናንተ አዲስ አበባ ተሻገሩ። በ2016 የሩቶም ክስ ተቋረጠ። በግጭቱ ጊዜ ሱቁ የተቃጠለበት ጎረቤቴ ግን እስካሁን ማን እንዳቃጠለው የነገረው የለም።