አሞሌ በጌም ውስጥ፦ ንግዱ ምን ያህል ዝርዝር ይሁን? (ጌሙ ከመውጣቱ በፊት የተደረገ ውይይት)

አወያይ፦ አገር የምንመራበት የኮምፒውተር ጌም፣ ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 5፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ይወጣል። ጨዋታው የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1337 ነው፤ እኛ ቤት ያኔ ዙፋኑ ላይ ዓምደ ጽዮን ናቸው። ሰሞኑን ከሁሉም በላይ ያነጋገረን ንግዱ ነው። በ4ኛው ክፍል ንግድ ማለት ገንዘብ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚፈስበት፣ አስቀድሞ የተሰመረ ቀስት ነበር። በአዲሱ ግን እያንዳንዱ ዕቃ በየገበያው የራሱ ዋጋ አለው፤ ከገበያው የራቀ አካባቢ ዕቃ እንደልቡ አያገኝም፤ ሕዝቡም ጨው ይፈልጋል፣ ጨርቅ ይፈልጋል። ታዲያ ይህ ሁሉ ዝርዝር ያስፈልጋል ወይ? ስድብ ክልክል ነው። ጌሙ 1836 ላይ ስለሚያልቅ ከዚያ ወዲህ ያለውን ፖለቲካም አታምጡብኝ።

ጨው በረንዳ፦ እንዴት አያስፈልግም! በ4ኛው ስንቴ ኢትዮጵያን ይዤ ተጫወትኩ። ምጽዋን ያዝኩ፣ ዘይላን ያዝኩ፣ ገንዘቡ ግን ሽቅብ ወደ እስክንድርያ ይፈሳል። ከዚያ ቬኒስ ወይ ጄኖዋ ይገባል። ቀስቱን ማዞር አይቻልም። የመጨረሻ ጣቢያዎቹ ሦስት ናቸው፦ ቬኒስ፣ ጄኖዋና የእንግሊዝ ቻናል። የቱንም ያህል ብትበረታ ዓለም ወደ አውሮፓ ያዘነብላል። ያ ጌም የሚጀምረው እ.ኤ.አ. 1444 ላይ ነው። ፖርቱጋሎች ገና ህንድን በባሕር ሳያገኙ ይህን ማን ወሰነ?

ስምንት ጊጋ፦ አቦ አትናደድ። ቀስቱ ባይዞርም መንገድ ላይ ጠብቀህ ታስቀረዋለህ። ነጋዴህን ትልካለህ፣ ዋና ከተማህ ባለበት ጣቢያ ትሰበስባለህ፣ በቃ። እንዲህ ቀላል ስለሆነ ነው ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሳይሰለቸን የተጫወትነው። የአዲሱን ቪዲዮ አየሁት፤ ሠንጠረዥ፣ ሠንጠረዥ፣ አሁንም ሠንጠረዥ። እኔ ቀን ቀን ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ደግሞ ኤክሴል ልክፈት?

የታሪክ ተማሪዋ፦ ሒሳብ ሠራተኛው እንዳትስቅብኝ፣ ግን እኔን የሚያጓጓኝ ሠንጠረዡ ነው። አልቫሬዝ የሚባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 እዚህ አገር ነበር። ስለ ጨው የጻፈውን አስታውሱ። አፋር ላይ፣ ከሚቆረጥበት ቦታ፣ በትንሽ ገንዘብ ከመቶ በላይ አሞሌ፣ ማለትም የጨው ቁራጭ፣ ይገኛል። ከዚያ እየራቀ በሄደ ቁጥር ያው ጨው እየተወደደ ይሄዳል። የንጉሡ ሰፈር ሲደርስ በዚያው ገንዘብ የሚገኘው በጣት የሚቆጠር ነው። ዳሞት ሲዘልቅ ደግሞ በጥቂት አሞሌ ሰው ይገዛ ነበር። ይህን በቀስት እንዴት ታሳየዋለህ? ዋጋው በየገበያው የተለያየ ከሆነ ግን ማንም ሳይነግርህ ታየዋለህ።

ስምንት ጊጋ፦ ደስ ይላል። ግን እሱን በሦስት መስመር ጽፈው አንድ መስኮት ላይ ብቅ ቢያደርጉልኝ ይበቃኛል። አንብቤ እዘጋዋለሁ። ላፕቶፔም አይቃጠልም።

የመቀሌ ልጅ፦ እኔ ጨው ሲራገፍ እያየሁ ነው ያደግሁት። ግመሉ ይንበረከካል፣ ገመዱ ይፈታል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ነው የሚወርደው። ማንም አይወረውረውም። ጥጉ የተሸረፈው ለብቻ ይደረደራል፣ ዋጋው ይወርዳል። ዝናብ ከመጣ ሩጫ ነው። አሁን አስቡት፣ ይሄ ነገር ገንዘብ የነበረበት ዘመን! ኪስህ ውስጥ ያለው ብር የሚሸረፍና ዝናብ የሚያሟሟው ነው ማለት ነው። ጌሙ ላይ ግን ካዝናህ መቶ ዓመት ቢቀመጥ አንድ ሳንቲም አይጎድልም።

ጨው በረንዳ፦ እሱን በለው! ክረምትስ? ዓባይና ተከዜ ሲሞሉ ሲራራ ይቆማል። ነጋዴው መስከረም እስኪጠባ ይቀመጣል። የቀይ ባሕር መርከብም በነፋሱ ወቅት ነው የሚሄደው። ለኔ ከመድፍ ብዛት ይልቅ ይህ ቢገባበት ይሻለኛል። ኬላም ይጨመርልኝ። በየበሩ ቀረጥ የሚቀበል ባላባት የሌለበት የሲራራ ንግድ ምኑ ንግድ ነው?

ስምንት ጊጋ፦ ቆይ፣ አንድ ነገር መልሱልኝ። አዘጋጆቹ ራሳቸው ንግዱን ለማሽኑ መተው ይቻላል ብለዋል። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው እሱን ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። እንግዲያው ያን ሁሉ ዝርዝር የሠሩት ለማን ነው? ነጋዴው ኮምፒውተር፣ ገዢው ኮምፒውተር። እኔ ተመልካች ነኝ።

የታሪክ ተማሪዋ፦ እዚህ ላይ እውነትህን ነው፣ መልስ ያጣሁለትም ይኸው ነው። ግን ዓምደ ጽዮንም እኮ እያንዳንዱን ጭነት አልቆጠሩም። ጨውና ወርቅ የሚያመላልሰው ነጋዴው ነው። ንጉሡ የሚይዙት መንገዱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1332 ከኢፋት ሱልጣኔት ጋር የተዋጉት በሃይማኖት ብቻ አይደለም፤ ወደ ዘይላ የሚወስደው መንገድ በኢፋት በኩል ነበር። ማሽኑ ይነግድ፣ እኔ በሩን ልያዝ። ለኔ ይሄ ከተመልካችነት ይለያል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። አል-ዑመሪ የሚባለው፣ ማምሉኮች ግብፅን ሲገዙ የኖረ ጸሐፊ፣ ኢፋት በግብፅ ዲናርና ድርሃም ይገበያይ እንደነበር ጽፏል። ሌላው አካባቢ ደግሞ ሐኩና በሚሉት ቁራጭ ብረት። ጌሙ ላይ ሁሉም በአንድ ገንዘብ ይቆጥራል።

የመቀሌ ልጅ፦ እህቴ፣ ቅድም አንድ ነገር ጣል አድርገሽ አለፍሽ። በጥቂት አሞሌ ሰው ይገዛ ነበር አልሽ። ዝርዝር ካልን እሱም ይመጣል። ጨው፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ከሥሩ ደግሞ ሰው፤ ከጎኑ ዋጋው፣ ወጣ ወረደ የሚል ቀስት። እኔ ያን መስመር እየነካሁ ትርፍ ስቆጥር ራሴን ማየት አልፈልግም።

ጨው በረንዳ፦ ታዲያ ይደበቅ? ከዳሞትና ከእናርያ ስንቱ ነው በምጽዋና በዘይላ የወጣው? ከሠንጠረዡ ካወጣኸው ወርቁና ቡናው ብቻ ይቀራል፣ አገሩ ሁሉ የበዓል ገበያ ይመስላል።

የመቀሌ ልጅ፦ ይደበቅ አላልኩም። ከጨው እኩል አይሰለፍ ነው ያልኩት። ጨው ሲሸረፍ ዋጋው ይቀንሳል። ሰውዬው መንገድ ላይ ሲሞትስ ጌሙ ምን ብሎ ይጽፈዋል?

ስምንት ጊጋ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠንጠረዡን የምጠላበት ጥሩ ምክንያት አገኘሁ። የኔ ራም አይደለም።

የታሪክ ተማሪዋ፦ እኔም ለዚህ መልስ የለኝም። በ4ኛው ባሮች እንደ ቡናና እንደ ጨርቅ አንድ የንግድ ዕቃ ነበሩ፤ ያኔ ማናችንም ይህን አላነሳንም። ምስሏ ትንሽ ስለነበረች ይሆን?

አወያይ፦ ይህኛው ለብቻው የውይይት ክር ይከፈትለታል፤ እዚህ አይለቅም። ወደ ንግዱ እንመለስና፣ ጌሙ የወጣ ዕለት ማታ አብረን እንጀምራለን ብለን ነበር። ማን የቱን ይይዛል?

ጨው በረንዳ፦ ኢትዮጵያ የኔ ናት።

የታሪክ ተማሪዋ፦ እኔ ግብፅ።

ስምንት ጊጋ፦ ትንሽ አገር ስጡኝ፣ ላፕቶፔ እንዳይጮህ። ኢፋት ይሁንልኝ። ጨው በረንዳ፣ ወደ ዘይላ በኔ በር ነው የምታልፈው። ኬላ ይጨመርልኝ ብለህ አልነበር? ቀረጥህን አዘጋጅ።