ፒዮኒዬ አንዱ አያብብም፣ አንዱ መዓዛ የለውም፤ ምን ላድርግ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከቤቴ ጀርባ ጎመንና ቃሪያ የምተክልባት ትንሽ ግቢ አለችኝ፤ እዚያው ዳር ላይ ፒዮኒ የሚባለው የአበባ ተክል ሁለት አለኝ። ሁለቱንም ሥሩ በፌስታል ታሽጎ ነው የገዛሁት። ከተተከሉ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ ቅጠላቸው ሁሌም ያማረ ነው። አንደኛው ግን አተር የምታክል እምቡጥ ያወጣና እዚያው ያደርቃታል። አንድም ቀን አላበበም። ሁለተኛው ደማቅ ቀይ አበባ ይሰጣል፤ ግን አፍንጫዬን ብደቅንበትም ምንም ሽታ የለው። የጎረቤቴ ፒዮኒ ደግሞ ግንቦት ልደታ ሲደርስ መዓዛው አጥር ተሻግሮ ይመጣል። እኔም የምፈልገው ያንን ነው። የጎደለው ማዳበሪያ ነው? ጉንዳንም እምቡጡን ወሮታል፤ መድኃኒት ልርጭበት? የምታውቁ ተባበሩኝ።

አትክልተኛው ከሪችመንድ

እህቴ፣ ያሉሽ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው።

መጀመሪያ መዓዛው። መዓዛ ከዘሩ ነው የሚመጣው። ማዳበሪያ ብታፈሽበት፣ አፈር ብትቀይሪለት፣ መዓዛ የሌለው ዝርያ መዓዛ አያወጣም። ቀያዮቹ አብዛኞቹ ሽታቸው ደካማ ነው፤ በየሱቁ የሚሸጠው ካርል ሮዘንፊልድ የሚባለው ቀይ ራሱ እንዲያ ነው። ኮራል (ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ሮዝ) ቀለም ያላቸው ዘመናዊ ድቅሎችም ለዓይን እንጂ ለአፍንጫ ብዙም አይሆኑም። መዓዛ የሚፈልግ ሰው የአበባ ቅጠላቸው ድርብርብ የሆነውን ነጭና ሮዝ አበቦች ይፈልግ።

እኔ የምመክርሽ የድሮዎቹን የፈረንሳይ ዝርያዎች ነው። ፌስቲቫ ማክሲማ ከ1851 ጀምሮ ያለ ነው። ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ የደም ጠብታ የመሰለ ቀይ ነጠብጣብ አለው፤ ሽታው ኃይለኛ ነው፣ እንደኛ ሞቅ ያለ አገርም ይችላል። ዱሸስ ደ ነሙር በ1856 የወጣ ነው፤ ነጭ ነው፣ መዓዛው ግሩም ነው። ሮዝ ከፈለግሽ ሙሴ ዡል ኤሊ የሚባለው ቀድሞ ያብባል፣ መዓዛም አለው። ሳራ በርናርድን ሁሉም ሰው ያውቃታል፤ ሽታዋ ለስለስ ያለ ነው፣ ግን ዘግይታ ስለምታብብ የኛ ሙቀት ይደርስባታል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ ቀድሞ የሚያብብ ይሻላል። ዘግይቶ የሚያብበው በሜይ መጨረሻ ሙቀት እምቡጡ ሳይከፈት ሊቀር ይችላል።

አሁን ወደማያብበው። ሦስት ነገር ንገሪን። ቡቃያው፣ ማለትም ሥሩ አናት ላይ ያለው ቀይ ጎንቁል፣ ከአፈሩ በታች ምን ያህል ጠልቋል? ፀሐይ በቀን ስንት ሰዓት ያገኛል? አጠገቡ ሳር አለ? ሳሩስ ማዳበሪያ ይደረግለታል?

የሚኒሶታዋ እናት

ልጄ፣ ጉንዳኑን አትንኪው! እምቡጡ ከውጭ በኩል ጣፋጭ ወለላ ያወጣል፤ ጉንዳኑ እሱን ሊልስ ነው የሚመጣው። አበባውን አይበላም። ያለ ጉንዳን አይከፈትም የሚሉም አሉ፤ እሱም ልክ አይደለም። ቆርጠሽ ቤት ስታስገቢ ግን አራግፊው።

እኛ ጋ ብርዱ ስለሚጠነክር ፒዮኒ እንደ ልቡ ነው። ሰው ቤት ሸጦ ሲሄድ ፒዮኒው ይቀራል፤ ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ የሚኖር ተክል ነው። ስለዚህ ቦታውን አስበሽ ምረጪለት፤ በየዓመቱ መነቃቀልን አይወድም።

ቡና ወዳዱ

እኔ ጽጌረዳዬ ላይ የቡና አተላ ነው የምደፋው፣ ጥሩ ሆኖልኛል። ለፒዮኒም አይሆንም?

አትክልተኛው ከሪችመንድ

ወንድሜ፣ ከኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ትንሽ ትንሽ ከሆነ አይጎዳም። መዓዛ ግን አይጨምርም። ግንዱ ሥር መከመር ደግሞ ጥሩ አይደለም፤ እርጥበት ይይዝና ሻጋታ ያመጣል፣ ቡቃያውንም ይቀብረዋል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ አፈሩን በጣቴ ቆፈር ቆፈር አደረግሁት። የመሃል ጣቴ ጠቅላላ ገብቶ ነው ቀዩን ቡቃያ የነካሁት። የቀዩ ፒዮኒ ቡቃያ ግን ገና አፈሩን ጫር ሳደርግ ነው የታየኝ። ፀሐይም የማያብበው ላይ ጠዋት ብቻ ነው፤ ከቀትር በኋላ የጎረቤት ዛፍ ይጋርደዋል። ሳሩን አከራዬ ናቸው በየፀደዩ ማዳበሪያ የሚያስረጩት፤ እስከ ፒዮኒው ድረስ ይደርሳል።

አትክልተኛው ከሪችመንድ

እንግዲያው ምክንያቱ ተገኘ። ሦስቱም ናቸው፣ ዋናው ግን ጥልቀቱ ነው። ቡቃያው ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከጠለቀ ቅጠል እያወጣ ዓመት ከዓመት ሳያብብ ይኖራል። በኛ አካባቢ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ በቂ ነው፤ የክረምቱ ብርድ እንዲያገኘው እንፈልጋለን። የሳር ማዳበሪያ ደግሞ ናይትሮጅን ስለሚበዛው ቅጠል ነው የሚያበዛው። ፀሐይ ቢያንስ 6 ሰዓት ያስፈልገዋል።

አሁን እንዳትነቅይው። መስቀል ይለፍ። ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ጥሩ ጊዜ ነው። ቅጠሉን ከመሬት አንድ ስንዝር አስቀርተሽ ቁረጪ። ከግንዱ ራቅ ብለሽ ዙሪያውን በአካፋ ቆፍሪና ከነሥሩ አንሺው። ሥሩ ወፍራም ነው፣ ግን ቶሎ ይሰበራል፤ በቅጠሉ ይዘሽ አትጎትቺው። አፈሩን በውሃ እጠቢለት፣ ቡቃያዎቹ ቁልጭ ብለው ይታዩሻል። ትልቅ ከሆነ በስለታም ቢላ ከፋፍይው፤ እያንዳንዱ ክፋይ ከ3 እስከ 5 ቡቃያ ይኑረው። ትንሽ ከሆነ እንዳለ ትከይው።

አዲሱ ጉድጓድ ሰፋ ይበል፤ ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። የኛ አገር ቀይ ሸክላ አፈር ውሃ ስለሚያቁር ኮምፖስት በደንብ ቀላቅይበት። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጊ፣ አለዚያ ሥሩ ይበሰብሳል። መሃሉ ላይ አፈሩን ጉብ አድርጊና ሥሩን አስቀምጪው። ከዚያ የመጥረጊያ እንጨት በጉድጓዱ አፍ ላይ አጋድሚ። ከእንጨቱ እስከ ቡቃያው ያለው ርቀት ነው ጥልቀቱ። አፈር ከመለስሽ በኋላ ውሃ አጠጪና እንደገና ለኪ፤ አፈሩ ሲሰጥም ቡቃያውም አብሮ ይሰጥማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው።

የሚኒሶታዋ እናት

ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ንጽሕናውን ነው። በመከር ቅጠሉን ቆርጠሽ ቆሻሻ ውስጥ ጣይው፣ ኮምፖስት ውስጥ አትክተቺው። ቦትራይተስ የሚባል ግራጫ ሻጋታ አለ፤ ክረምቱን በአሮጌው ቅጠል ላይ ይቆይና በፀደይ እምቡጡን ያጠቁረዋል። ያንቺ እምቡጥ ሲደርቅ ጠቁሮ ግራጫ ብናኝ ከነበረው እሱም ሊሆን ይችላል። ቅጠሉን ግን በኦገስት አስቀያሚ ሆነብኝ ብለሽ እንዳትቆርጪው፤ ሥሩን የሚመግበው እሱ ነው።

ከሱሉልታ

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። ወንድሜ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው። የፒዮኒ ሥር ይዞልኝ ቢመጣ እዚህ ይበቅል ይሆን? እኛ ጋ ሌሊቱ በጣም ይበርዳል።

አትክልተኛው ከሪችመንድ

ወንድሜ፣ ባይደክም ይሻላል። ፒዮኒ ሳምንታት የሚዘልቅ ብርድ ይፈልጋል፤ ከዜሮ እስከ 4 ዲግሪ አካባቢ የሆነ፣ ቀንም ሌሊትም። እናንተ ጋ ሌሊቱ ቢበርድም ቀን ፀሐይዋ ታሞቀዋለች፤ ስለዚህ ቅጠል እንኳ ቢያወጣ አበባ አይሰጥህም። የተክል ሥር በሻንጣ ማስገባትም ያለ ፈቃድና ያለ ጤና ምስክር ወረቀት ችግር ያመጣል። እናንተ ጋ ጽጌረዳ ነው የሚያምርበት። ሱሉልታ ለውጭ ገበያ ጽጌረዳ የሚመረትባት ናት፤ ጥሩ መዓዛ ያለውን ዝርያ ፈልግ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ (ጠያቂ)

ተባረኩ። ያልኸኝን ፌስቲቫ ማክሲማ ላዝ ነው፣ ያኛውንም ከመስቀል በኋላ ፀሐይ ወዳለበት አዛውረዋለሁ። ቀዩን ነቅዬ ቦታውን ለአዲሱ ልስጥ?

አትክልተኛው ከሪችመንድ

ቀዩን ተዪው፤ ጤነኛ ነው፣ ለዓይን ያምራል። ፒዮኒ በነበረበት ጉድጓድ ሌላ ፒዮኒ ባትተክዪ ይመረጣል። አዲሱን አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርጊው፣ አየር ይግባበት። ስታዢ ከ3 እስከ 5 ቡቃያ ያለው ሥር መሆኑን ጠይቂ። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ አትጠብቂ፤ በሦስተኛው ነው የሚደምቀው። ሲያብብ ጭንቅላቱ ከባድ ነው፣ ዝናብ ሲመታው መሬት ይደፋል፤ በፀደይ ገና ሲወጣ የሽቦ ቀለበት አድርጊለት።

የሚኒሶታዋ እናት

ለቤት ስትቆርጪም ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት አትጠብቂ። እምቡጡን በጣትሽ ጫን አድርጊው፤ እንደ ድንጋይ ከሆነ ገና ነው፣ ለስለስ ካለ ቁረጪው። ውሃ ሳይነካው በወረቀት ጠቅልለሽ ፍሪጅ ውስጥ ብታስተኚው ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ፍራፍሬ ግን አጠገቡ አታድርጊ። ለድግስ ሲያስፈልግሽ ጫፉን ቆረጥ አድርገሽ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁሚው። በማግስቱ ይከፈታል።