የሲያትል–ብሬመርተን ፈጣን ፌሪ በ2003 ለምን ቆመ? የአሁኑስ በምን ተለየ?

ሀይሉ_ብሬመርተን
ሰላም ለሁላችሁም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) የመኪናው ፌሪ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ የኪትሳፕ ትራንዚት (የአካባቢው የሕዝብ ማመላለሻ ድርጅት) ካታማራን፣ ማለትም ባለ ሁለት አካል ጀልባ፣ ግማሽ ሰዓት። ድሮም ቺኑክ እና ስኖሆሚሽ የሚባሉ ፈጣን ካታማራኖች እዚሁ ይሠሩ ነበር። ለምን ቀሩ? መንገዱ ላይ ባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ፣ ሪች ፓሴጅ ላይ፣ ትንሽ ቀስ ቢሉ አይበቃም ነበር?

ዳር_ተመልካች
ቺኑክ በ1998 ጀመረ፣ ስኖሆሚሽ በዓመቱ ተከተለ። 143 ጫማ፣ 350 ሰው የሚጭኑ። በ1999 የሪች ፓሴጅ ዳር ነዋሪዎች ከሰሱ፦ ሞገዱ ጠጠሩን እየጠረገ የባሕር ግንባችንን ሥር አራቆተው ብለው። ፍርድ ቤት ፍጥነት እንዲቀነስ አዘዘ። በ2000 የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትእዛዙን ሻረው፤ የዳርቻው ጉዳት ግን ስላልቆመ ፍጥነቱ እንደገና ተቀነሰ። በዚያ ላይ ገንዘቡ አለ፦ ኅዳር 1999 ሕዝቡ ኢኒሼቲቭ 695 የተባለውን ሕግ በድምፅ አጸደቀ፣ የመኪናው ዓመታዊ ታክስ ተቆረጠ፣ የፌሪው ድጎማም አብሮ ደረቀ። በ2003 መስመሩ ተዘጋ። ጀልባዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ተሽጠው ጎልደን ጌት እና ናፓ ተባሉ። ለእኔ ዋናው ገዳይ ሞገዱ ነው። ሰዓት የማይቆጥብ ፈጣን ጀልባ ነዳጅ መብላት ብቻ ነው ትርፉ።

ሞተረኛው
«ቀስ ቢሉ» ያልከው ላይ ነው ችግሩ፣ ሀይሉ። 40 ሜትር ርዝመት ያለው ጀልባ 19 ኖት (የባሕር ፍጥነት መለኪያ) አካባቢ ሲደርስ አፍንጫው ይነሳል፣ ኋላው ይቀመጣል፣ የባሰውን ሞገድ የሚጎትተውም ያን ጊዜ ነው። ለ24 ሜትር ጀልባ ይኸው ነጥብ 15 ኖት ገደማ ነው። ስለዚህ ወይ በጣም ዝግ ማለት፣ ወይ ነጥቡን ቶሎ አልፎ መብረር፤ መሃል ላይ መቆየት አይሆንም። የውሃው ጥልቀትም አለ፦ 10 ሜትር ላይ ሞገዱ የሚከፋበት ፍጥነት 19 ኖት፣ 20 ሜትር ላይ 27።

ደግሞ ቁመቱን አይታችሁ አትፍረዱ። መሃል ባሕር ላይ ዓይን የማይሞላ ረጅም ሞገድ ጥልቀቱ ሲያንስ ተነሥቶ ጠጠሩን ያንቀሳቅሳል።

ሪች ፓሴጅ 1 የተባለው የኪትሳፕ ትራንዚት ጀልባ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው። 118 ሰው ብቻ፣ ቀላል አካል፣ በሁለቱ አካሎች መካከል ደግሞ ፎይል (ውሃ ውስጥ ያለ ክንፍ)፤ ፍጥነት ሲጨምር ጀልባውን ያነሳዋል፣ የሚገፋው ውሃ ያንሳል። በ2012 ዳርቻው እየተለካ ተሞከረ። ኅዳር 2016 የኪትሳፕ መራጮች 0.3% የሽያጭ ታክስ አጸደቁ፣ ሐምሌ 2017 አገልግሎቱ ጀመረ።

ሀይሉ_ብሬመርተን
ገባኝ። ጀልባውን የሚገፋው የውሃ ጄት (ውሃ ስቦ ወደኋላ የሚረጨው) ግንድና አረም ቢስብስ?

ሞተረኛው
ምልክቱ የሞተሩ ዙር እየጨመረ ፍጥነቱ መውረዱ ነው፣ ንዝረትም ይኖረዋል። መጀመሪያ ጋዙን መቀነስ። ማርሹ የኋላ ዙር ካለው ለአጭር ጊዜ ወደኋላ አዙሮ ውሃው የመሳቢያውን ፍርግርግ እንዲያጥብ ማድረግ፤ አረምና ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ በዚህ ይለቃል። ገመድ ወይም የእንጨት ስባሪ ከሆነ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ዘንጉ እንዳይዞር ቆልፎ፣ የመመርመሪያ ክዳኑን መክፈት ነው። ክዳኑ ከውሃ መስመር በላይ መሆኑን ሳታረጋግጡ ብሎን አትንኩ፤ ሰው የተጫነበት ጀልባ ከባዶው ጠልቆ ይቀመጣል። ፎይሉ ግንድ ከመታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ጠላቂ ሳያየው ወደ 30 ኖት መመለስ የለም።