አባታችን ሲኒማ ገብተው ያንቀላፋሉ፤ በጡረታቸውስ ቀናቸውን እንዴት ያሳልፉ?

ጥያቄ፣ ከማራኪ፣ ጎንደር

አባታችን የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ስልሳ ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ውሏቸው ከበረንዳ ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ ሆኗል። እናታችን ግቢውን፣ ጎረቤቱን፣ ማኅበሩን ይዛ ቦዝና አታውቅም። እሳቸው ግን ጠመኔውን ካስቀመጡ በኋላ የሚይዙት አጡ።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከልጆቼ ጋር ፊልም እንዲያዩ ብለን እንወስዳቸዋለን። በወጣትነታቸው ሲኒማ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ጣሊያን ፒያሳ ላይ ስላቆመው ሲኒማ ቤት ሲያወሩ ፊታቸው ይፈካል። አሁን ግን ፊልሙ ሳይጋመስ ያንቀላፋሉ። ሲነቁም «ድምፁ ያደነቁረኛል፣ የሚሉት ግን አይገባኝም» ይላሉ። ልጆቹ አያታቸው አብረዋቸው እንዲስቁ ስለሚፈልጉ ያዝናሉ። እንተወው ወይስ መላ አለው? ከእሑድ ውጭ ያሉትን ቀናትስ በምን ያሳልፉ?

መልስ፣ ነርስ ከአዘዞ

እኅቴ፣ አባትሽ የነገሩሽን እንደ ሰበብ አትዪው። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። እንደ «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ተ» ያሉት ድምፆች ይደበዝዛሉ፤ ከበሮውና ፍንዳታው ግን እንዳለ ይገባል። ሰውዬው መናገራቸውን ይሰማል፣ ምን እንዳሉ ግን አይለይም። ያንን ለመከተል ሲታገል ይደክማል፣ እንቅልፍም ይጥለዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጆሯቸው ይታይ። አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ የተጠቀጠቀ ኩክ ብቻ ይሆናል፤ እሱን ባለሙያ ያወጣዋል። ቤት ውስጥ በክብሪት እንጨት አትነካኩት።

አዳራሹ ውስጥ መብራት ሳይጠፋ ግቡ። የአረጋዊ ዓይን ጨለማን የሚለምደው ቀስ ብሎ ነውና ደረጃ ላይ መሰናከል የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለ፣ መተላለፊያው ዳር ያለ ወንበር ያዙላቸው፤ እግር ለመዘርጋትም፣ ለመውጣትም ይመቻል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አንዳንዱ ሽንት ያበዛል። የሚወሰድበትን ሰዓት ለመቀየር ግን ሐኪማቸውን ጠይቁ።

መልስ፣ ጡረተኛ ከአራዳ

ልጄ፣ እኔም በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝና ነገሩ ልቤን ነካኝ። ካነበብሁት እንደተረዳሁት ፊልሙን የሚመርጡት ልጆቹ ናቸው፣ ትኬት የምትቆርጪው አንቺ ነሽ። ለአባትሽ ምን ቀራቸው? ክፍል ሙሉ ተማሪ ሲመሩ የኖሩ ሰው እንደ ዕቃ ተጭነው ሄደው ተጭነው ሲመለሱ ቢያንቀላፉ አይገርመኝም።

ሥራውን ስጫቸው። በሳምንቱ ውስጥ ምን እንደሚታይ ጠይቀው፣ መርጠው፣ ሰዓቱን ለቤተሰቡ የሚነግሩ እሳቸው ይሁኑ። የትኬቱ ገንዘብ ከበዛባቸው ፈንዲሻውን ከጡረታ አበላቸው ይግዙ፤ ለልጅ ልጅ መግዛት ትልቅ ደስታ ነው። ደግሞ የጂኦግራፊ መምህር አይደሉም? ፊልሙ የተሠራበትን አገር ከመሄዳችሁ በፊት ለልጆቹ ካርታ ላይ ያሳዩአቸው፤ ወንዙን፣ ተራራውን፣ የአየር ጠባዩን። ያን ጊዜ ልጆቹ ፊልሙን ሲያዩ የሚጠይቁት ሰው ይኖራቸዋል፣ እሳቸውም ነቅተው የሚጠብቁት ነገር ያገኛሉ።

ሲወጡ ደግሞ በቀጥታ ባጃጅ አትሳፈሩ። በፋሲል ግንብ ዙሪያ ትንሽ ተራመዱ፣ አንድ ቦታ ቁጭ ብላችሁ ሻይ ጠጡና ስለ ፊልሙ አውሩ። ለእኔ ከፊልሙ ይልቅ የሚጥመኝ ያ ወሬ ነው።

መልስ፣ ከቀሃ

የአራዳው አባቴ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ግን ሲኒማ የአንድ ከሰዓት ነገር ነው፣ ሰውየውን የሚጎዳው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለው ነው። አጎቴ ጡረታ እንደወጣ የእድራችን ጸሐፊ ሆነ። መዝገቡን የሚይዝበት ንጽሕና ስላለው ስለ መዋጮ የሚነሳው ንትርክ ቀረ፣ እሱም ጠዋት ለብሶ የሚወጣበት ምክንያት አገኘ። ለመምህር ደግሞ ለስምንተኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁ የሰፈር ልጆች ሞልተዋል። ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ ይሁን፤ «ሲመቸኝ» የተባለ ሥራ አይጸናም።

አንድ ነገር አደራ፦ ሥራ አጡ ብላችሁ ልጆቹን ቀኑን ሙሉ አትጣሉባቸው። ልጅ መጠበቅ አድካሚ ነው፣ እምቢ ለማለትም ያፍራሉ።

መልስ፣ ከአውቶፓርኮ

በሁዳዴ ጾም ሲኒማ የማይሄድ ቤተሰብ ብዙ ነው፣ ሃምሳ አምስት ቀን ደግሞ ረጅም ነው። ዘመድ ፕሮጀክተር ካለው ተዋሱና ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥሩ፤ ድምፅ ማጉያውን ለብቻው አምጥታችሁ ከአባታችሁ አጠገብ አድርጉት። ቤት ውስጥ ፊልሙን አቁሞ «ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

እንደ እሳቸው ላለ ሰው የኃይሌ ገሪማን ፊልሞች እመክራለሁ፤ እዚሁ ጎንደር የተወለደ የእኛው ሰው ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘው «ጤዛ» ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚወስድ በሁለት ምሽት ከፍላችሁ እዩት። የደርግን ዘመን ግፍ ስለሚያሳይ ግን ትንንሾቹ ልጆች በሌሉበት ይሁን። ያን ዘመን ላዩ ሰዎችም ከባድ ስለሆነ አስቀድማችሁ ይዘቱን ንገሯቸውና እሳቸው ይወስኑ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የካርታውን ነገር ስነግራቸው «የትኛው ፊልም ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ይህን መጠየቅ ትተው ነበር። የመጪው እሑድ ምርጫ የእሳቸው ነው። ለጆሯቸው በቀጥታ ሆስፒታል እንሂድ?

ነርስ ከአዘዞ

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ኩክ ከሆነ እዚያ ይታያል፤ ካልሆነ ወደ ሆስፒታል የአንገት በላይ (የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ) ክፍል የሪፈር ወረቀት ይጽፉላቸዋል። አንዳንድ መድኃኒት ጆሮን ስለሚጎዳ የሚወስዱትን ሁሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ። እስከዚያው ስታናግሯቸው ፊት ለፊት ሆናችሁ፣ ሳትጮኹ፣ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ።