ጥቆማ ፈልጌ ነበር፦ ብዙ የማይናወጥ ክሩዝ የቱ ነው?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከእናቴ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ክሩዝ፣ ማለትም በመርከብ ሽርሽር፣ ልንሄድ ነው። ችግሩ፣ እማዬ አውቶቡስ እንኳን ፌስታል ይዛ ነው የምትሳፈረው። ሜዲትራኒያን፣ አላስካ ወይ ካሪቢያን እያልን ነው። መናወጡ ምን ያህል ይሰማል? ካቢንስ (መኝታ ክፍሉ) ከላይ ነው ከታች የሚሻለው? የሄዳችሁበት እስቲ ንገሩኝ።

ሞገዱ፦ ክዊን ሜሪ 2 የምትባለው መርከብ! ሌላ አትጠይቂ። ሌሎቹ ተንሳፋፊ ሆቴሎች ናቸው፤ እሷ ግን አትላንቲክን እንድታቋርጥ ታስባ የተሠራች ናት። 345 ሜትር ርዝመት አላት፣ ከ2004 ጀምሮ እየተመላለሰች ነው። ሦስቴ ሄጄባታለሁ፣ ሻዬ ጠብ አላለም።

ደረቅ መሬት፦ ሻይህ ያልፈሰሰው ባሕሩ ተኝቶልህ ይሆናላ። ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ባሕር፣ አንተ መርከብ ትሸጣለህ።

እንቅልፍ አልባ፦ እኔ ልንገርሽ። የኩባንያውን ስም አልጠራም። "እይታው ያምራል" ብለው 14ኛ ፎቅ፣ ጫፍ ላይ ከፊት በኩል ሰጡኝ። በሁለተኛው ሌሊት ነፋስ ተነሳ። የልብስ መስቀያዎቹ እርስ በርስ ይንኳኳሉ። መሳቢያው ራሱ ይከፈታል፣ ራሱ ይዘጋል። መጋረጃው ከግድግዳው ተነስቶ አየር ላይ ይቆምና ተመልሶ ይለጠፋል። የመስቀያዎቹን ድምፅ ለማጥፋት በፎጣ ጠቀለልኳቸው። ጠዋት "ካቢን ቀይሩልኝ" ብል "ሞልቷል" ብለው አረንጓዴ ፖም ሰጥተው ሸኙኝ። ፖም!

ሆዴ ጠንካራው፦ አትሳቁ፣ ፖሙ ለማቅለሽለሽ ነው፣ እኔን ረድቶኛል።

እንቅልፍ አልባ፦ የእኔን አልጋ ግን አላቆመውም።

ባለበረንዳ፦ በረንዳ ያለው ያዙ። ኢንተርኔቱን ደግሞ ከመሳፈራችሁ በፊት ግዙ፣ ውስጥ ገብታችሁ ስትገዙ ይወደዳል።

ደረቅ መሬት፦ ጥያቄው "ዋይፋይ ያስመልሳል ወይ" ነበር እንዴ?

መሃል ታች፦ ጀማሪዋ፣ መሃሉ ላይ የተደገፈ ሳንቃ አስቢ። ጫፎቹ ሲወጡ ሲወርዱ መሃሉ እምብዛም አይነቃነቅም። መርከብም እንደዚያው ነው፤ ስለዚህ መሃል ላይ፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ያዙ። ትልልቆቹ መርከቦች በጎናቸው ውኃ ውስጥ የሚዘረጋ ክንፍ አላቸው፣ ስታቢላይዘር ይሉታል። ወደ ግራና ቀኝ መንገዳገዱን በደንብ ይቀንሳል። የፊቱና የኋላው መነሳት መውደቅ ላይ ግን ብዙም አይረዳም። እንቅልፍ አልባን ያሠቃየው ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

አላስካ ላይ በደሴቶች መሃል የሚያልፈው መንገድ፣ ኢንሳይድ ፓሴጅ፣ የተከለለ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ክፍት ባሕር ላይ ሲወጣ ግን ይለያል። ሜዲትራኒያን ሰኔና ሐምሌ ላይ ከታኅሣሥና ከጥር ይሻላል። የካሪቢያን አካባቢ የአውሎ ነፋስ ወቅት ደግሞ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው።

መድኃኒትም አለ። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ቢያንስ 4 ሰዓት ቀድሞ ይለጠፋል፣ እስከ 3 ቀን ይሠራል። ግን አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ሊያደናግርም ይችላል። ግላኮማ (የዓይን ግፊት በሽታ) ካለባቸው ደግሞ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ለእናትሽ ሐኪም ሳታማክሪ እንዳትለጥፊባቸው። ማቅለሽለሽ ሲጀምራቸው ከካቢን አውጪያቸውና አድማሱን ይዩ። ስልክ መነካካት ያባብሳል።

ሞገዱ፦ ክንፍ ካላችሁ፣ ክዊን ሜሪ 2 አራት አላት። ይኸው።

ደረቅ መሬት፦ አገባሃት እንዴ?

ጀማሪዋ፦ አመሰግናለሁ፣ ሁሉንም ለእማዬ አነበብኩላት። አንድ ጥያቄ ብቻ አላት፦ ፖሙን በነፃ ነው የሚሰጡት?

እንቅልፍ አልባ፦ በነፃ ነው። እንቢ የሚሉሽ ካቢን ቀይሩልኝ ስትያቸው ነው።