ለ1898 የታሪክ ምሽት የጋራ ፕሮፖዛል፦ ረቂቁን አብረን እናብስለው

ሰብሳቢው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሑድ እንደተስማማነው፣ ከፊሊፒንስ ተወላጆች ማኅበር ጋር ሆነን አንድ የታሪክ ምሽት እናዘጋጃለን። ጉዳዩ አሜሪካ ባሕር ተሻግራ ግዛት መያዝ የጀመረችበት ጊዜ ነው። ፕሮፖዛሉ አዳራሽ ለጠየቅነው ቤተ መጻሕፍት ይገባል። መግቢያውን እንዲህ ጀምሬዋለሁ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፦

«በፌብሩዋሪ 1898 ሜይን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ሃቫና ወደብ ላይ ፈነዳች። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። በኤፕሪል ከስፔን ጋር ጦርነት ታወጀ። ሜይ 1 ቀን የስፔን መርከቦች ማኒላ ላይ ወደሙ። በጁላይ ሃዋይ ወደ አሜሪካ ተጠቃለለች። በዲሴምበር በተፈረመው የፓሪስ ውል ፖርቶ ሪኮና ጉዋም ለአሜሪካ ተሰጡ። ፊሊፒንስም በ20 ሚሊዮን ዶላር ተላለፈች።»

አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። ግን መግቢያህ ነገሩን ከሰማይ ዱብ ያለ አስመስሎታል። ከኋላ መጀመር አለብን። በ1890 የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ የምዕራቡ ጠረፍ፣ ሰፋሪ ያልደረሰበት መሬት፣ አበቃ አለ። በዚያው ዓመት ማሃን የተባለው የባሕር ኃይል መኮንን ኃያል ለመሆን ጠንካራ ባሕር ኃይል ያስፈልጋል ብሎ ጻፈ። መርከብ ደግሞ የድንጋይ ከሰል የሚሞላበት ወደብ ይፈልጋል። በ1893 ኢኮኖሚው ሲወድቅ የፋብሪካ ባለቤቶቹ የውጭ ገበያ ማማተር ጀመሩ።

ሃዋይም ቢሆን በ1898 አልተጀመረችም። ንግሥት ሊሊዑኦካላኒን ከዙፋን ያወረዷት በጃንዋሪ 1893 ነው። ያወረዷት የሸንኮራ እርሻ ባለቤቶችና ነጋዴዎች ናቸው፤ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦርም ከመርከብ ወርዶ ከተማው ውስጥ ቆሞ ነበር። በ1897 ከ21,000 በላይ የሃዋይ ሰዎች «አንጠቃለልም» ብለው ፈረሙ። የመጠቃለያው ውል በሴኔት የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጣ። በማግሥቱ ዓመት ግን ተራ የምክር ቤት ውሳኔ አድርገው በአብላጫ ድምፅ አሳለፉት። ያ የፊርማ ወረቀት ዛሬም ዋሽንግተን በብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ። ቅጂውን አንድ ሰሌዳ ላይ ብንሰቅለው ደስ ይለኛል። የሕዝብ ስም ዝርዝር ነው፤ ሰው ቆም ብሎ ያነበዋል።

ጸሐፊዋ፦
ጋሼ ያሉትን እደግፋለሁ። እኔ ደግሞ የሴኔቱ ድምፅ እንዲጎላ እፈልጋለሁ። የፓሪሱ ውል የጸደቀው ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1899፣ 57 ለ27 ነው። ሁለት ሦስተኛው 56 ነበር። በአንድ ድምፅ ትርፍ አለፈ ማለት ነው!

ይህ ለምን አንገበገበኝ? ልጄ ከትምህርት ቤት ያመጣችውን መጽሐፍ አየሁት። አገር ሲያድግ ቅኝ ግዛት መያዙ ልጅ ቁመት እንደሚጨምር ያለ ነገር ተደርጎ ተጽፏል። እንደዚያ አልነበረም። ሰዎች ተከራክረዋል። በ1898 ቦስተን ላይ ፀረ ኢምፔሪያሊስት ሊግ ተቋቁሟል፤ ባለጸጋው ካርኔጊና ደራሲው ማርክ ትዌይን ከተቃዋሚዎቹ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከተቃዋሚዎቹ አንዳንዶቹ የተቃወሙት ነጭ ያልሆነ ሕዝብ ወደ አገራቸው እንዳይቀላቀል ብለው ነው። እሱንም እንጻፈው። ልጆቻችን ሙሉውን ይወቁ።

ገንዘብ ያዡ፦
በአጭሩ፦ ሰሌዳው ከስምንት አይብለጥ። ማተሚያ ውድ ነው። ቡናውንና ዳቦውን ከአባላት እናዋጣለን።

ከወጣት ክፍል፦
አንድ ሰሌዳ ለአድዋ ይሰጠን። አድዋ 1896 ነው፣ ከ1898 ሁለት ዓመት በፊት። አሜሪካ እኛን ያልነካችው በአድዋ ምክንያት ነው ብለን እንጻፍ።

ጡረተኛው መምህር፦
አድዋ ይግባ፤ እኔም እወዳለሁ። «በአድዋ ምክንያት» የሚለው ግን ይውጣ። አሜሪካ ያን ጊዜ ዓይኗ የነበረው ካሪቢያንና ፓስፊክ ላይ ነው። እኛ ዘንድ የመጣችው ለገበያ ነው። በዲሴምበር 1903 የአሜሪካ መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ገብቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። አያቶቻችን አቡጀዲ የሚሉት የጥጥ ጨርቅ ብዙው ከአሜሪካ ይመጣ ነበር፤ ንግዱ እንዳያመልጣቸው ነው የላኩት።

ዓመቱን ግን ልብ በሉት። በዚያው በ1903 ጓንታናሞን ከኩባ ተከራዩ። በኖቬምበር ፓናማ ከኮሎምቢያ ስትገነጠል የጦር መርከባቸውን አቁመው ጠበቁላት፤ በሁለት ሳምንት ገደማም የካናሉን መሬት በውል ያዙ። በወሩ አዲስ አበባ ላይ ከንጉሠ ነገሥት ጋር እንደ እኩያ ተቀምጠው ፈረሙ። ከአድዋ በኋላ ከምኒልክ ጋር ሌላ ዓይነት ንግግር የሚቻል አልነበረም። አድዋን እዚህ ጋ ብናስገባው ቦታው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ውል በእኛ አቆጣጠር 1896 ዓ.ም. ነው። አድዋ ደግሞ በፈረንጅ 1896፣ በእኛ 1888። ሰሌዳው ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ካልተጻፈ ሰው ይምታታል።

ነርሷ አባል፦
እኔ ስለ ባላንጊጋ ቤተ ክርስቲያን ደወሎች ልናገር። የሥራ ባልደረባዬ ፊሊፒናዊት ናት። ፊሊፒኖዎች ከአሜሪካ ጋር ሲዋጉ፣ በሴፕቴምበር 1901 ፊሊፒንስ ውስጥ ሳማር ደሴት፣ ባላንጊጋ መንደር፣ ነዋሪዎቹ ተነሥተው እዚያ የሰፈሩትን የአሜሪካ ወታደሮች አጠቁ። ወደ 48 አሜሪካውያን ሞቱ። ከዚያ ጄኔራል ስሚዝ ደሴቲቱን ምድረ በዳ አድርጉ ብሎ አዘዘ። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነውን፣ መሣሪያ መያዝ የሚችለውን ሁሉ ግደሉ አለ። በኋላ ለፍርድ ቀርቦ የደረሰበት ተግሣጽና ጡረታ መውጣት ብቻ ነው።

ወታደሮቹ የቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ደወሎች ወሰዱ። ሁለቱ ዋዮሚንግ በሚገኝ የጦር ሰፈር ቆዩ፤ አንዱ ደቡብ ኮሪያ ካለው የአሜሪካ ጦር ጋር ነበር። የተመለሱት በዲሴምበር 2018 ነው። መቶ አሥራ ሰባት ዓመት! ባልደረባዬ ስትነግረኝ ትዝ ያለኝ የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ከሮም ሲመለስ እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ ያለቀሰችው ነው። ለእኛ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። እባካችሁ ምሽቱ በደወሎቹ ይጀመር፤ መርከቡና ውሉ ከዚያ ይከተል።

ጸሐፊዋ፦
እህቴ፣ እኔ ተስማምቻለሁ። የፊሊፒንስና የአሜሪካ ጦርነት ሟቾች ቁጥርም እዚያው ይግባ። ከአሜሪካ ወገን ከ4,200 በላይ፣ ከፊሊፒንስ ተዋጊዎች ከ20,000 በላይ። ሲቪሉ በጦርነት፣ በረሃብና በበሽታ እስከ 200,000 ይገመታል።

ከወጣት ክፍል፦
ጋሼ፣ እርምትዎን ተቀብያለሁ። ለእኛ ክፍል ዴቪድ ፋገንን ስጡን። የአሜሪካ 24ኛው እግረኛ ሬጅመንት ጥቁር ወታደር ነበር፤ ከድቶ ከፊሊፒኖዎቹ ጋር ተዋጋ። ጥቁር ወታደሮች አገራቸው ውስጥ እየተናቁ ሌላውን ሕዝብ እንዲወጉ መላካቸው እኛን ወጣቶቹን በጣም ያነጋግረናል።

ሰብሳቢው፦
እሺ። በደወሎቹ እንጀምራለን። የሃዋይ ፊርማ፣ የሴኔቱ ድምፅ፣ ፋገን፣ 1903ም ይገባሉ። የእኔ መግቢያ ያጥራል።

አሁን ከፊሊፒንሱ ማኅበር ስልክ ተደውሎልኝ ነበር። አንድ ነገር ለመኑን። ረቂቁ ሦስተኛ ገጽ ላይ «የፊሊፒንስ ዓመፅ» ብያለሁ፤ ከድሮ የአሜሪካ መዝገብ የቀዳሁት ነው። የፊሊፒኖዎቹ መሪ አጊናልዶ ነፃነት ያወጀው ጁን 12 ቀን 1898 ነው። ውሉ ከመፈረሙ ስድስት ወር በፊት። «በማን ላይ ነው ያመፅነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «ጦርነት» ብዬ አስተካክዬ ዛሬ ማታ እልክላችኋለሁ። ሌላ ቦታ ላይ አምልጦኝ ከሆነ ምልክት አድርጉበት።